ከብርሃንና ሰላም የገዛሁት አዋጅ፦ አንድ ዓመት በእድራችን

አዋጅ ቁጥር 1185/2012ን የገዛሁት አራት ኪሎ፣ ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት፣ ነጋሪት ጋዜጣ ከሚሸጥበት ነው። ዋጋው ያኔ ከአንድ ማኪያቶ ብዙም አይርቅም ነበር። ሙሉ ስሙ «የጥላቻ ንግግርንና ሐሰተኛ መረጃ ሥርጭትን ለመከላከልና ለመቆጣጠር የወጣ አዋጅ» ይባላል። አንድ ዓመት አብሮኝ ከርሟል። ጠርዙ ተጣጥፏል። ሁለተኛው ገጽ ላይ የሻይ ብርጭቆ ክብ ቀርቶበታል። ሰው ምጣድም ስልክም ገዝቶ፣ ሲጠቀምበት ከርሞ፣ ያየውን ይጽፋል። እኔም ይህን ተጠቅሜበታለሁና ያየሁትን ልጻፍ።

በመጀመሪያ ለምን እንደገዛሁት። ፒያሳ ተወልጄ ያደግሁ ነኝ። ትንሽ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ማመልከቻ እጽፋለሁ፣ ውል እተይባለሁ። የእድራችን ጸሐፊም ነኝ። እድራችን ከአባቶቻችን ጀምሮ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ነው። ዳኛው ጋሼ የምንላቸው ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው። ገንዘብ ያዡ ሐጂ ናቸው። ለቅሶ ሲሆን ድንኳኑ አንድ፣ ወንበሩ አንድ፣ ንፍሮው አንድ ነው። ሥጋ ካለ ብቻ ሁለት ድስት ይጣዳል።

በ2016 ፒያሳ ሲፈርስ ከአባሎቻችን ብዙዎቹ ወደ ገላን ጉራና ወደ ሌሎች ሳይቶች ሄዱ። እድሩ ግን አልፈረሰም። የጡሩምባ ነፊያችን ድምፅ ገላን ጉራ ስለማይደርስ የቴሌግራም ግሩፕ ከፈትን። አድሚኗ እኔ ሆንኩ። መርዶው፣ የቀብር ሰዓቱ፣ የወሩ መዋጮ ሁሉ እዚያ ይነገራል። አንዱ «ነፍስ ይማር» ብሎ ይጽፋል፣ ሌላው «አላህ ይዘንለት» ይላል። ከዚያ ውጭ ብዙ ወሬ የለም።

የካቲት 2017 ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ሳምንት ውስጥ ገቡ። ሰኞ የክርስቲያኑ ጾም ተያዘ፣ ቅዳሜ የሙስሊሙ። እሑድ ከምሽቱ 4 ሰዓት ግድም ግሩፑ ላይ አንድ ቮይስና አንድ ፎቶ ተለቀቀ። የማናውቀው ሰው ድምፅ ነው። በአንድ ከተማ ትናንት ሌሊት የአምልኮ ቤት ተቃጠለ ይላል። ዝም ካላችሁ ነገ የእናንተ ተራ ነው ይላል። የየትኛው እምነት ቤት እንደሆነ አልጽፍም። ከጻፍኩት አንባቢ እዚያው ላይ ቆሞ ይቀራል።

ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ አንድ ወጣት መለሰ። የሌላውን እምነት ተከታይ በሙሉ ሰው ከማይባል ፍጥረት ጋር የሚያመሳስል አንድ ቃል ጻፈ። ከቃሉ ቀጥሎ ደግሞ ከሱቃቸው እንዳትገዙ፣ ቤት እንዳታከራዩአቸው የሚል ነበር። ከዚያ በኋላ ማንም ምንም አልጻፈም። ግሩፑ ውስጥ መቶ አርባ ሰው አለ። ያ ዝምታ ነው ያስደነገጠኝ። እነዚህ ሰዎች የአንዱን እናት ሬሳ አንዱ የተሸከመ ናቸው።

ወሬው ለምን እንደሚታመን ይገባኛል። ሐምሌ 2010 ጅጅጋ ላይ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጥለዋል። ታኅሣሥ 2012 ሞጣ ላይ መስጊዶች ተቃጥለዋል። ሚያዝያ 2014 ጎንደር ላይ በቀብር ሥነ ሥርዓት የተነሳ ግጭት የሰው ሕይወት ቀጥፏል። ይህን ሁሉ የሰማ ሰው አዲስ ነገር ሲነገረው «አይሆንም» ለማለት ጉልበት ያጣል። ውሸቱ የሚቆመው ባለፈው እውነት ትከሻ ላይ ነው።

ግሩፑን ከአድሚን በቀር ማንም እንዳይጽፍበት ዘጋሁና ለጋሼ ደወልኩ። መልእክቶቹን ላጥፋቸው ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። ጋሼ ዝም ብለው ቆዩና «ሕጉ ምን ይላል?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም። ለስንት ደንበኛ ማመልከቻ ስጽፍ «በጥላቻ ንግግር» የሚለውን ቃል ደጋግሜ ተጠቅሜዋለሁ። አዋጁን ግን አንድም ቀን ገልጬ አላየሁትም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ሱቄን ሳልከፍት በራስ መኮንን ድልድይ አድርጌ በእግሬ ወደ አራት ኪሎ ሄድኩ። ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል፤ አውቃለሁ። እኔ ግን ሰው ፊት ቆሜ የማነበው፣ ከእጅ ወደ እጅ የሚዞር ወረቀት ፈለግሁ። ስልክ ላይ ያለን ጽሑፍ «ማን እንደጻፈው ምን ይታወቃል» የሚል አይጠፋም። የዚያን ሰሞን ችግራችንም ስልክ ላይ ያለ ጽሑፍ ነበር።

ወረቀቱን ይዤ አንድ ሻይ ቤት ቁጭ አልኩ። ለማያውቀው ልንገር፦ ነጋሪት ጋዜጣ በሁለት ዓምድ ይታተማል። ግራው አማርኛ፣ ቀኙ እንግሊዝኛ ነው። ሁለቱ ካልተጣጣሙ የሚጸናው አማርኛው ነው። ስሙ አዋጅ ሲነገር ይጎሰም ከነበረው ነጋሪት የመጣ ነው፤ ጋዜጣው መታተም የጀመረው በ1934 ነው። ይህኛው አዋጅ አጭር ነው። ሻዬ ሳይቀዘቅዝ ከግማሽ በላይ ደረስኩ። አማርኛው የሕግ አማርኛ ቢሆንም አሥረኛ ክፍል የጨረሰ ሰው ቀስ ብሎ ካነበበው ይገባዋል።

የተወካዮች ምክር ቤት ያጸደቀው የካቲት 5 ቀን 2012 ነበር። ወደ 300 የሚጠጉ አባላት ደገፉት፣ 23 ተቃወሙት። ታትሞ የወጣው መጋቢት 14 ነው። ቀኑን ልብ በሉት። የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አገራችን ውስጥ መገኘቱ የተነገረው መጋቢት 4 ነው። አዋጁ ሲወጣ ሁላችንም ሳሙናና አልኮል ፍለጋ ላይ ነበርን። አብዛኛው ሰው ሳያየው ማለፉ አይገርመኝም።

አሁን ወደ ይዘቱ። የዚህ ወረቀት ትልቁ ዋጋ ትርጉሙ ላይ ነው። በራሴ ቃል ላስቀምጠው። አንድ ንግግር የጥላቻ ንግግር የሚባለው በሰው ወይም ተለይቶ በሚታወቅ ቡድን ላይ ሲያነጣጥር ነው። ያነጣጠረው ደግሞ በብሔሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በዘሩ፣ በጾታው ወይም በአካል ጉዳቱ ምክንያት መሆን አለበት። ተናጋሪው ሆን ብሎ ያደረገው መሆን አለበት። ንግግሩም ጥላቻን፣ መድሎን ወይም ጥቃትን የሚያራግብ መሆን አለበት። «ሆን ብሎ» የሚለውን በቀይ እስክሪብቶ አሰመርኩበት።

ሐሰተኛ መረጃም የራሱ መለኪያ አለው። ነገሩ ውሸት መሆን አለበት። ያሰራጨው ሰው ውሸት መሆኑን የሚያውቅ ወይም ማወቅ ይገባው የነበረ መሆን አለበት። ሁከት ወይም ግጭት የማስነሳት ዕድሉም ከፍ ያለ መሆን አለበት። አንድ ነገር በጣም አስደሰተኝ፦ ላይክ ማድረግና ታግ ማድረግ እንደ ማሰራጨት አይቆጠርም ይላል። ሰው ጣቱ ስለተንሸራተተ አይጠየቅም። ፎርዋርድ ግን ሌላ ነው። ለብዙ ሰው ማድረስ ነውና።

ከዚያ ቀጥሎ የማይከለከለው ተዘርዝሯል። ጥናትና ምርምር፣ ዜናና ትንታኔ፣ የፖለቲካ ትችት፣ ኪነ ጥበብ፣ እንዲሁም የሃይማኖት ትምህርት። ይህን አንብቤ ስጨርስ ሻዬን ረሳሁት። ወረቀቱ ላይ ያለው ክብ የዚያን ጠዋት ነው።

እሑድ አስቸኳይ ስብሰባ ጠራን። የእድሩ ዕቃ ቤት ፊት ለፊት ወንበር ደረደርን። ከገላን ጉራ በሁለት ሚኒባስ መጡ። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ትርጉሙን ሁለት ጊዜ ጮክ ብለው አነበቡ። አስተማሪ ናቸው፤ ድምፃቸው ያንን ሁሉ ሰው ያዳርሳል። አንዲት ከሐረርጌ የመጡ እናታችን አማርኛው ስላልጠራላቸው ልጃቸው ጆሯቸው ሥር በኦሮምኛ ትተረጉምላቸው ነበር።

ከዚያ ጉዳዮቹን አንድ በአንድ አነሳን። ሦስት ነበሩ። ቮይሱንና ፎቶውን የላከችው ሴት አለች። ቃሉን የጻፈው ወጣት አለ። ሦስተኛው ደግሞ ከሳምንት በፊት ግሩፑ ላይ ረጅም ጽሑፍ የለጠፈ ሰው ነው። የሌላው እምነት አንድ ትምህርት ስህተት ነው ብሎ ጥቅስ እየጠቀሰ ተከራክሯል። የብዙ ሰው ስሜት «ሦስቱንም ከእድር አስወጡልን» የሚል ነበር።

ፎቶውን የእህቴ ልጅ ጎግል ላይ ፈልጎት ነበር። የሌላ አገር ፎቶ ነው፣ የድሮ ነው። ይህ ሲነገር ሴትዮዋ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። «ደንግጬ ነው የላክሁት» አለች። ሐጂ በለሰለሰ ድምፅ «ልጄ፣ አንቺስ ማን ላከልሽ?» ብለው ጠየቋት። ከሌላ ግሩፕ ነው። እዚያ የለቀቀው ደግሞ በአሥር ሺዎች የሚቆጠር ተከታይ ያለው አንድ ቻናል ነው። ስም የለውም። እሷ ሆን ብላ አልዋሸችም። ግን አዋጁ «ማወቅ ይገባው የነበረ» ይላል፤ ያንን ለእሷም ለሁላችንም አስረዳን። እዚያው ቆማ ይቅርታ ጠየቀች። ማንም ከዚያ በላይ አልፈለገባትም።

የወጣቱ ጉዳይ ከባድ ነበር። የእሱ ቃል ሁሉንም መለኪያ አሟልቷል። ሰዎችን በሃይማኖታቸው ለይቷል፣ አዋርዷል፣ ከሱቃቸው አትግዙ፣ ቤት አታከራዩአቸው ብሏል። ጋሼ ቅጣቱን አነበቡ፦ እስከ ሁለት ዓመት እስራት ወይም እስከ 100,000 ብር መቀጮ። ንግግሩን ተከትሎ ጥቃት ቢደርስ ኖሮ ከአንድ እስከ አምስት ዓመት። የልጁ አባት ተነሱና ጉሮሯቸው ተያዘ። «ያሳደግሁት እናንተ ውስጥ ነው» አሉ። ከዚያ ውጭ መናገር አልቻሉም።

መፍትሔው የመጣው ከዚሁ ወረቀት ነው። ከቅጣቱ አንቀጽ መጨረሻ ላይ፣ ንግግሩ ሁከት ወይም ጥቃት ካላስከተለ፣ ፍርድ ቤቱ ሰውየው በሌላ መንገድ ይታረማል ብሎ ካመነ፣ በእስራት ፈንታ የማኅበረሰብ አገልግሎት ሊያዝ ይችላል የሚል አለ። እኛ ፍርድ ቤት አይደለንም። ግን ሐሳቡን ወሰድን። ልጁ ግሩፑ ላይ በስሙ ይቅርታ ጻፈ። ስድስት ወር ድንኳን ተካይ ሆኖ እንዲያገለግል ወሰንን። በነዚያ ወራት አራት ለቅሶ ነበር። ሁለቱ የሰደባቸው ሰዎች ቤት ናቸው። አንደኛው ቤት ሌሊት ዝናብ ሲጥል ድንኳኑን ይዞ የቆመው እሱ ነው። የሟች ልጅ ካፖርት አምጥታ ትከሻው ላይ ጣል ስታደርግለት ከመስኮት አይቻለሁ።

ሦስተኛውን ግን ምንም አልቀጣነውም። በዚህ ነው አዋጁን የወደድኩት። ሰውየው የጻፈው ትምህርቱን ነው። እንዲህ ያለውን ማንም ሰባኪ፣ ማንም ኡስታዝ በመድረኩ ያስተምራል። ሰው አልሰደበም፣ ማንም ላይ እጅ እንዲነሳ አልጠራም። የእድር ግሩፕ የዚህ ቦታ አይደለም ብለን ጽሑፉን አነሳነው፤ ያ የእድሩ ደንብ ነው። አጥፍተሃል ግን አላልነውም። በዚህ የተቆጡ አንድ አባወራ ከእድሩ ወጡ። እስካሁን አልተመለሱም። ሁለት ጊዜ ደጃቸው ሄጃለሁ፤ ቡና አጠጥተው ይሸኙኛል እንጂ እሺ አይሉም። ውሳኔው ትክክል ነበር ብዬ አሁንም አምናለሁ። ወንበራቸው ባዶ ሲሆን ግን ሆዴ ይባባል።

አሁን ደካማ ጎኖቹን ላንሳ። ጥቂት አይደሉም።

የመጀመሪያው ይህ ነው። አዋጁ ሐሰተኛ መረጃ ላሰራጨ ሰው እስከ አንድ ዓመት እስራት ወይም እስከ 50,000 ብር ይላል። ከ5,000 በላይ ተከታይ ባለው የማኅበራዊ ሚዲያ አካውንት ከሆነ እስከ ሦስት ዓመት ወይም እስከ 100,000 ብር ይደርሳል። ወረቀቱ ላይ ትልቁ ከትንሹ ይበልጥ ይጠየቃል፤ ይህ ጥሩ ነው። ኑሮ ላይ ግን የምትገኘው ገላን ጉራ ያለችው ሴት ናት። ስም አላት፣ ስልክ አላት፣ የእድር ካርድ አላት። ያንን ቻናል የከፈተው ሰው የት እንዳለ ማን ያውቃል?

ሁለተኛው 24 ሰዓት የሚለው ነው። የማኅበራዊ ሚዲያ ድርጅቶች ጥቆማ ከደረሳቸው በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲህ ያለውን ይዘት እንዲያነሱ አዋጁ ግዴታ ይጥልባቸዋል። ያ ቮይስ በኋላ ሌላ ትልቅ መድረክ ላይ በቪዲዮ መልክ ወጥቶ አየሁት። ሪፖርት አደረግሁ። መልስ የመጣልኝ በዘጠነኛው ቀን ነው፤ ደንባችንን አይጥስም የሚል። የመድረኩን ስም አልጠራም። አማርኛውን ሰምቶ የፈረደ ሰው መኖሩን ግን እጠራጠራለሁ። አዋጁ ደግሞ ባያነሱስ ምን ይደረጋሉ የሚለውን አይመልስም። ግዴታ አለ፣ ቅጣት የለም።

ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በ2014 ባሕር ዳር ላይ አንድ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር በቤታቸው ደጃፍ ተገደሉ። ከመገደላቸው በፊት ስለ እሳቸው ፌስቡክ ላይ ሲጻፍ ነበር። ልጃቸው ታኅሣሥ 2015 ናይሮቢ ላይ የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ከሰሰ። መጋቢት 2017 የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ አለ። አንድ ኢትዮጵያዊ ባሕር ዳር ለፈሰሰ ደም ናይሮቢ ድረስ መሄዱ የእኛ አዋጅ የት ላይ እንደሚያጥር ያሳየኛል።

ሦስተኛው ከሁሉም ይበልጥብኛል። ከስብሰባው በኋላ ጋሼና እኔ አንድ ቢሮ ሄደን ነበር። የትኛው እንደሆነ አልናገርም። ያንን ቻናል ለመጠቆም ነው የሄድነው። የተቀበለን ሰው ትሁት ነው፤ ወንበር ሰጠን፣ ሁሉንም አዳመጠ። ከዚያ ቻናሉን ትቶ የሃይማኖት ክርክር የጻፈውን ሰው ያዘ። «ይሄኛው አክራሪ ነው፤ የእሱን ስምና ስልክ አምጡልን» አለን። ከሦስቱ መርጦ ሕጉ የሚከልለውን ሰው!

ወረቀቴን ከቦርሳዬ አወጣሁ። የሃይማኖት ትምህርት የሚለውን መስመር በጣቴ አሳየሁት። አነበበው። ደግሞ አነበበው። «ይሄ አዲስ ነው እንዴ?» አለኝ። አምስት ዓመቱ ነው አልኩት። ተነስቶ ኮፒ አደረገው። ሰውየው ክፉ አይደለም። ማንም አላሰለጠነውም። ግን ያን ቀን ወረቀቱ ከእኔ ጋር ባይኖር ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ሳስበው እስካሁን ይከብደኛል።

ወደ ሰፈር ስንመለስ ይህንን ለሐጂ ነገርኳቸው። ሐጂ ብዙ አይናገሩም። ያን ቀን ግን ረጅም ሰዓት አወሩ። በ2004 አርብ አርብ መርካቶ አንዋር መስጊድ ይሰግዱ ነበር። ሙስሊሙ የጠየቀው የመጅሊስ፣ ማለትም የእስልምና ጉዳዮች ምክር ቤቱ፣ ምርጫ በነፃ ይካሄድ፣ አወሊያ ትምህርት ቤት ለሕዝበ ሙስሊሙ ይመለስ፣ አሕባሽ የተባለው የእስልምና ቡድን አስተምህሮ በግድ አይጫንብን የሚል ነበር። መንግሥት አክራሪነትን እየተዋጋሁ ነው አለ። ሐምሌ 2004 ጥያቄውን ይዞ የቀረበው ኮሚቴ አባላት ታሰሩ። በፀረ ሽብር አዋጁ፣ በቁጥር 652/2001 ተከሰሱ። በ2007 ከሰባት እስከ 22 ዓመት ተፈረደባቸው። በኋላ ተፈቱ። ያ የፀረ ሽብር አዋጅ በ2012 በሌላ ተተካ። በዚያው ዓመት መጅሊሱ በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት አገኘ።

«ልጄ፣ አክራሪ የሚለው ቃል ሚዛን የለውም» አሉኝ ሐጂ። «ያዡ እንደፈለገ ይመዝንበታል። ይሄ ያመጣሽው ወረቀት ቢያንስ ሚዛን አለው። ሚዛኑን አስይዢያቸው።» ይህን ከሰማሁ በኋላ አዋጁን በሌላ ዓይን አየሁት። ትርጉሙ ውስጥ «አክራሪ» የሚል ቃል የለም። የሰው እምነት ምን ያህል ጠንካራ ነው ብሎ አይጠይቅም። ምን ተናገረ፣ በማን ላይ ተናገረ፣ አስቦ ነው ወይ ብሎ ነው የሚጠይቀው። ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 11 ላይ መንግሥት በሃይማኖት ጣልቃ አይገባም ይላል። መንግሥት ጽንፈኝነትን እታገላለሁ ሲል መቆም ያለበት እዚህ መስመር ላይ ነው። እምነቱ የጠነከረን ሰው መከታተል ከጀመረ የሐጂን ዘመን ይደግማል። ጥቃት የሚጠሩትን ከተከታተለ ግን ሁላችንም አብረነው እንቆማለን።

ሚዛኑም ቢሆን ፍጹም አይደለም። አዋጁ ገና ረቂቅ ሳለ፣ ኅዳር 2012 ላይ፣ የተባበሩት መንግሥታት የሐሳብ ነፃነት ልዩ ራፖርተር ዴቪድ ኬይ አዲስ አበባ መጥተው ነበር። ረቂቁ ሰፋ ያለ ነው፣ ለሌላ ነገር መዋል ይችላል ብለው ሰግተዋል። የሰብዓዊ መብት ድርጅቶችም እንዲሁ። እኔም ስጋታቸውን እጋራለሁ። «ጥላቻን የሚያራግብ» ማለት ምን ያህል ነው? አዋጁ ደረጃውን አይነግረንም።

ይህንን ክፍተት የሞላሁት አንድ ደንበኛዬ የሆነ ጠበቃ በነገረኝ ነው። በአውሮፓውያኑ 2012 ሞሮኮ ውስጥ፣ ራባት ላይ የተነደፈ የተባበሩት መንግሥታት መመሪያ አለ። ስድስት ነገር ጠይቁ ይላል። ጊዜው ምን ዓይነት ነው? ተናጋሪው ማን ነው፣ ምን ያህል ይሰማል? ዓላማው ምንድን ነው? በትክክል ምን አለ? ስንት ሰው ጋ ደረሰ? ጉዳት የማስከተል ዕድሉስ ምን ያህል ቅርብ ነው? እነዚህን በእስክሪብቶ ከወረቀቱ ጀርባ ጻፍኳቸው። ከዚያ ወዲህ ግሩፑ ላይ ሦስት ጊዜ ነገር ተነስቷል። ሦስቱንም ጊዜ በስድስቱ ጥያቄ አልፈን ነው የወሰንነው። አንዱ የሰፈር ቀልድ ሆኖ ተገኘ። አንዱን አጠፋነው። አንዱ ላይ ጋሼና ሐጂ ተለያዩ፤ ሳይስማሙም ቀሩ።

ስለ ማስተማር አንድ ነገር ብዬ ልለፍ። አዋጁ መቅጣት ብቻ አይደለም የሚለው፤ ሕዝቡን የማንቃት ሥራም ለመንግሥት ተቋማት ሰጥቷል። እኛ ሰፈር የደረሰ ግን የለም። የደረሰን እኔ በእግሬ ሄጄ ያመጣሁት ወረቀት ነው። ኪስ ውስጥ በምትገባ መጽሔት፣ በኦሮምኛ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ፣ በትልልቅ ፊደል ታትሞ በየእድሩ፣ በየጀመዓው፣ በየሰንበቴው ቢታደል ስንት ነገር ይቀል ነበር! እነዚያ የሐረርጌዋ እናታችን ራሳቸው ሊያነቡት ይገባ ነበር።

ለማን ይጠቅማል ለሚለኝ፦ ግሩፕ ለምታስተዳድሩ ሁሉ። ለእድር ጸሐፊ፣ ለማኅበር ሙሴ፣ ለጀመዓ አሚር፣ ለትምህርት ቤት ወላጅ ኮሚቴ። ወጣት ልጅ ላለው ወላጅም ጥሩ ነው። ግን ጎረቤቱን ማስፈራሪያ ፍለጋ የሚገዛው ካለ ይተወው፤ መጀመሪያ የሚያገኘው የጎረቤቱን መብት ነው። ስትገዙ ቁጥሩንና ዓመቱን በትክክል ይዛችሁ ሂዱ፣ 1185/2012 በሉ። ሁለት ቅጂ ግዙ። አንዱ በሰው እጅ ያልቃል።

በ2018ም ሁዳዴና ረመዳን በአንድ ሳምንት ገቡ። ጾሙ ሊያዝ ሦስት ቀን ሲቀረው ትርጉሙ፣ የማይከለከለው ዝርዝርና ስድስቱ ጥያቄዎች ያሉበትን በሁለት ገጽ ተይቤ ስልሳ ኮፒ አወጣሁ። ኦሮምኛውን የእናታችን ልጅ ጻፈችልኝ። ለገላን ጉራዎቹ ያደረሰው ጡሩምባ ነፊያችን ነው፤ ቤት ለቤት እየዞረ። ዋናው ቅጂ ዕቃ ቤቱ ውስጥ፣ ከድንኳንና ከወንበር ዝርዝሩ አጠገብ፣ ምስማር ላይ ተንጠልጥሏል። ቁልፉ ሐጂ ጋ ነው።